የፊት ሾክ ዘይት ሲተፋ፦ ኦይል ሲሉን ከመክሰሳችሁ በፊት

ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ተቀይሮለት ወር ሳይሞላው እንደገና ዘይት የሚተፋ የሞተርሳይክል ሾክ ካላችሁ፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ዘንጉን ዳብሱት። ከደጀን በብቸና አድርጎ እስከ ሞጣ ካለው መስመር የሚመጡልኝ ሾኮች አብዛኞቹ ጥፋታቸው ጎማው ላይ አይደለም፤ ጎማው በሚንሸራተትበት አንጸባራቂ ብረት፣ በዘንጉ ላይ ነው። ጎማው ርካሽ ስለሆነ ግን ሁሉም እሱን ይከሳል።

ዘይቱ ከየት ነው የሚወጣው?

ሾኩን ከላይ እስከ ታች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ደጋግማችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ዘንጉ ላይ ወፍራም የዘይት ቀለበት ከቀረ በኦይል ሲሉ በኩል እየወጣ ነው። ስስ እርጥበት ብቻ ከሆነ ተዉት፤ ኦይል ሲል ሳይረጥብ አይሠራም። ከታች፣ ከእግሩ (ዘንጉ ከሚገባበት የታችኛው ቱቦ) ጫፍ ካለው ቡሎን የሚንጠባጠብ ከሆነ የመዳብ ሮንዴላውን ቀይሩ። ከላይኛው ክዳን ከሆነ ክብ ጎማዋን። ፍሬን ሲያዝ ኳ የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ የመሪውን ኩሽኔታ እዩ።

ዘይት ይተፋል፣ ዘንጉ ግን ለስላሳ ነው

ይህ ቀላሉ ነው። የደረቀ ጭቃ ወይም አሸዋ ከኦይል ሲሉ ከንፈር ሥር ገብቶ ከፍቶታል። ከላይ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በካቻቪቴ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ከአሮጌ የራጅ ፊልም ቀጭን ቁራጭ ጫፉን በመንጠቆ ቅርጽ ቆርጣችሁ በዘንጉና በኦይል ሲሉ መካከል አስገቡና ዙሪያውን አዙሩት። ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሾኩን ከመፍታት ያድናል። ይህንኑ በምላጭና በቢላዋ የሚሞክሩ አሉ፤ ከንፈሩ ከተቆረጠ አለቀለት።

ዘንጉ ጥፍር ይይዛል

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የእነማይና የሸበል በረንታ ወረዳዎች ዋልካ ጭቃ በክረምት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩን ቀጥ ያደርገዋል። ባለሞተሩ ይወርድና ያገኘውን ያነሣል፦ ድንጋይ፣ ማጭድ፣ የጎማ ማውለቂያ ብረት። ጭቃውን ሲጎረጉር ዘንጉን ይፍቀዋል። በዕለቱ ምንም አይታይም። የዘንጉ አንጸባራቂ ሽፋን፣ ክሮሙ፣ በተጫረበት ቦታ ግን ውሃ ይገባል፣ ዝገቱ ከሥር ይሠራል፣ ጥቅምት ላይ ያቺ ቦታ የጎማውን ከንፈር እንደ ሞረድ ትበላዋለች። ጭቃ በእንጨት ይወጣል፤ እንጨት ደግሞ በየመንገዱ ሞልቷል!

አንድ የግብርና ባለሙያ ሌላ ቦታ እየደጋገመ ያስቀየራቸውን ኦይል ሲሎች በፌስታል ቋጥሮ ከየዕድ ውሃ ይዞልኝ መጣ። ሻጩን ሊከስ ተዘጋጅቷል። ዘርግቼ ሳያቸው ሁሉም የተበሉት በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው። ዘንጉን ስዳብስ ከፊት በኩል በዓይን በጭንቅ የምትታይ ጭረት ጥፍሬን ያዘችው። ጎማዎቹ ደህና ነበሩ፤ ሁሉንም የጨረሰቻቸው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ጊዜ የሠራለት ሰው አንድ ቀን እንኳ ዘንጉን አልነካውም።

ሌላው ደግሞ ዘንጉ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ በሲባጎ አስሮ መጣ። «ዘይቱን እንዲይዝልኝ ነው ጋሼ» አለኝ። ዘይቱን ይዞለታል፤ አቧራውንም አብሮ ይዞለት ሾኩ በወረደ በወጣ ቁጥር አሸዋውን ዘንጉ ላይ ሲያሸው ከርሟል። ጨርቅ አትጠምጥሙ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታችም ዙሪያውንም አስኪዱ። ጥፍር የሚይዘው ቦታ ኦይል ሲሉ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ከሆነ አያሳስብም። እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ዘንጉ ላይ ከአቧራ መከላከያው ጋር አስጠግታችሁ ክር እሰሩና ኮረኮንች ላይ ጥቂት ንዱ፤ ክሩ ተገፍቶ የቆመበት ድረስ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሳችሁ፣ የጭረቷ የቆመ ጠርዝ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ፣ ዘንጉን ዙሪያውን እሹት። ዙሪያውን ነው ያልኩት፤ ከላይ ወደ ታች ካሻችሁት ለዘይቱ ቦይ ትቆፍሩለታላችሁ። ጉድጓዱ ጠለቅ ያለ ከሆነ በቤንዚን አጽዱ፣ ባለሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ ሌሊቱን ይደር፣ ከዚያ ከዘንጉ ጋር እኩል እስኪሆን እሹት። ክሮሙ የተላጠ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ዘንግ ቀይሩ። ያገለገለ ዘንግ ስትገዙ መስታወት ላይ አንከባልሉት፤ የተጣመመ ከሆነ በሥሩ ብርሃን ያሳልፋል።

ሲፈታና ሲገጠም

የታችኛውን ቡሎን ሞላው ውስጥ እያለ አላሉት፤ ሞላው ከወጣ በኋላ የውስጡ ዘንግ አብሮ ይዞርባችኋል። በላይኛው ክዳን ሥር የተጨመቀ ሞላ ስላለ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ። ኦይል ሲሉን ከመንቀላችሁ በፊት የሽቦ ቀለበቱን አውጡ። ቀለበቱን ረስተው በመዶሻ የሚታገሉ ሰዎች የእግሩን አፍ ሰንጥቀው ያመጡልኛል። እግሩ አሉሚኒየም ነው፣ ዋጋውም የኦይል ሲል ዋጋ አይደለም!

ኦይል ሲል ስትገዙ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ለምሳሌ 31፣ 43፣ 10.3 የሚል ከሆነ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ቁመቱ በሚሊ ሜትር ነው። «ይሄም ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውጡ። ከንፈሩ ጀርባ ቀጭን የሞላ ቀለበት መኖሩን በጣታችሁ አረጋግጡ፤ ያለሱ የሚሸጥም አይቻለሁ። ሞላው ያለበት ጎን ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ይዞራል። የዘንጉን ጫፍ በፌስታል ሸፍናችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ አሳልፉት፤ ልኩን በጠበቀ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ እየመታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። የአንዱን እግር ኦይል ሲል ብቻ አትቀይሩ።

ሾኩን ስትመልሱ የአክስሉን ዳዶ ከማጥበቃችሁ በፊት መሪውን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ይስተካከላሉ። ተጣሞ የጠበቀ ሾክ አዲሱን ጎማ በአንድ ጎን ይበላዋል።

ዘይቱ

ለአብዛኞቹ ተራ ሞተርሳይክሎች 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ይበቃል። ከጠፋ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሠራል። 20/50 የሞተር ዘይት ግን ወፍራም ነው፤ በጮቄ ሥር ባለው የጠዋት ብርድ ሾኩ ድርቅ ይላል። የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት እንዳትጨምሩ። መጠኑ በመመሪያው ላይ በሚሊ ሊትር ተጽፏል፤ በስሪንጅ ለኩት፣ ሁለቱም እግሮች እኩል ይሁኑ። «ለጥንካሬ ትንሽ ጨምርበት» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። ዘይቱ ሲበዛ ለአየሩ ቦታ ያጣል፣ ሾኩ ሲጨመቅ ግፊቱ ኦይል ሲሉን ይገፋዋል፣ እንደገና ወደ እኔ ይመጣል።

የፍሬን ሸራ

ዘይቱ ወርዶ ፍሬኑን ነክቶት ከሆነ የሾኩ ጥገና ብቻውን ከንቱ ነው። ሸራውን በቤንዚን አጥበው መልሰው የሚገጥሙ አሉ። ቤንዚኑ የሚያደርቀው ላዩን ነው፤ ሸራው ሲሞቅ የጠጣው ዘይት ተመልሶ ይወጣል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርድ ሰው እጅ ደግሞ ፍሬን መጋሉ አይቀርም። ከበሮውን ወይም ዲስኩን አጽዱ፤ ሸራው ግን አዲስ ይገዛል።