ለልብ ንቅለ ተከላ ሆስፒታል ስትመርጡ እንደኛ አትሳሳቱ

አሜሪካ ያለው አጎቴ «ልብህ ደክሟል፣ ንቅለ ተከላ ያስፈልግሃል» ሲባል ደብረ ማርቆስ ያለነው ሁላችንም ሆስፒታል መራጭ ሆንን። ቡናው ይፈላል፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው፣ ሁሉም ያወራል። ብዙ ተሳስተናል።

ትልቁ ስህተታችን «ልብ ከተተካላቸው ስንቱ ዳነ?» ብቻ ብለን መጠየቃችን ነው። እዚያ አገር የየሆስፒታሉ ውጤት በየ6 ወሩ ለሕዝብ ይወጣል። ልብ ከተተካላቸው 10 ሰዎች 9ኙ ያህል ዓመት ይሻገራሉ፤ በዚህ ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ይቀራረባሉ። ጉዱ ያለው ወረፋው ላይ ነው። አንዱ ሆስፒታል የቀረበለትን ልብ ቶሎ ይቀበላል፤ ሌላው «ይሄ ትንሽ እንከን አለበት» እያለ ይመልሳል፣ ወረቀት ላይ ውጤቱ ያምርለታል፣ ልብ ሲጠብቅ የሞተው በሽተኛ ግን ከዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ስለዚህ «ወረፋ ከያዙት ስንቱ ልብ አገኘ? ስንቱስ ሳያገኝ ሞተ?» በሉ። እኛ ይሄን የጠየቅነው ዘግይተን ነው።

ሌላው፣ አንድ ቦታ ብቻ መመዝገብ። እዚያ ከአንድ በላይ ሆስፒታል ወረፋ መያዝ ይፈቀዳል። ግን ርቀቱን አስቡ፤ ልብ ከሰው ከወጣ በኋላ የሚቆየው 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሲጠሩህ ቶሎ መድረስ አለብህ።

«መሬቱን ሸጠን ሕንድ እንውሰደው» የሚሉም አሉ። አገራችን ውስጥ የልብ ንቅለ ተከላ አይሠራም፣ እውነት ነው። ሕንድ ግን ከሟች የሚገኝ ልብ መጀመሪያ ለአገሬው ሰው ነው፤ የውጭ ዜጋ ተራው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄን ሳያጣሩ በሬ መሸጥ እብደት ነው።

ደግሞ እኮ እኛ ዘንድ «ልብ አለበት» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ አዲስ ልብ አያስፈልገውም። ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ቁስለት የልቡን በር ጎድቶት ነው። የሚያስፈልገው በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ነው፣ ከባሰ የልብ በር ቀዶ ጥገና። መርፌውን «አሁንማ ተሽሎታል» ብሎ ማቋረጥ ግን የተለመደ ነው፣ ያናድደኛል።

የመጨረሻው፣ ልቡ ከተተካ በኋላ «በቃ ዳነ» ማለት። ሰውነቱ አዲሱን ልብ እንዳይገፋው መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ ይውጣል፤ ጥሬ ሥጋም የለም። አጎቴ ለፋሲካ ስንደውልለት ቁርጡን በቪዲዮ አይቶ ምራቁን ዋጠ። ወዲያው የመድኃኒት ሰዓቱ አላርም ጮኸ፤ አያቴ «ደግሞ ማነው የሚደውለው?» አሉ።