በቆሎን ከአፍላቶክሲን እንዴት እንደምንጠብቅ

አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ በዋናነት የሚሠራው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ፈንገስ ነው። ጎተራ እስኪገባ አይጠብቅም፤ በቆሎው ፀጉር ሲያወጣ ሙቀትና የዝናብ እጥረት ካገኘው እዚያው ማሳ ላይ በፀጉሩ በኩል ወደ ፍሬው ይዘልቃል። መርዙ አንዴ ከተሠራ ቀቅለውትም ጋግረውትም አይወጣም። ስለዚህ ትግሉ ከጊዜ ጋር ነው።

በቆሎው እንደደረሰ ሰብስበው ሽፋኑን ይላጡ። መሬት ላይ አይከምሩት።

ሳይፈለፍሉ ይምረጡ። የወይራ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ያለበትን ያስወግዱ፤ ነጭ ወይም ሐምራዊ የሻገተውንም እንዲሁ፣ እሱ ፊውሞኒሲን የተባለ ሌላ መርዝ የሚሠራው ፉዛሪየም የተባለ ፈንገስ ሊሆን ይችላልና። ሻግቶ የተወገደውን ለላም መስጠት ቁጠባ አይደለም፤ መርዙ መልኩን ቀይሮ በወተት ይመለሳል።

ሲፈለፍሉ በዱላ አይውቁ። የተሰነጠቀ ፍሬ ቀድሞ ይሻግታል፤ በእጅ የሚዞር መፈልፈያ ይሻላል።

ሸራ ላይ ሳሳ አድርገው ያስጡ፣ ቶሎ ቶሎ ያገላብጡ፣ ማታ ይሸፍኑ። ግቡ እርጥበቱ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድረቁን ሲለካ ነው። ነክሶ «ጧ» ካለ ደርቋል ማለት አያዋጣም፤ ጥርስ 16ን ከ13 አይለይም። የእርጥበት መለኪያ ከሌለ ጨው ይጠቀሙ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ያዘጋጁ። ፕላስቲክ አይሁን፣ ደረቅ ጨውም ሊለጠፍበት ይችላል። ጨውን በመጥበሻ አሙቀው፣ ደርቆ ሲበተን አውርደው ያቀዝቅዙ። ጠርሙሱን እስከ ሲሶው በበቆሎ ይሙሉ፤ ፍሬውን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሃልና ከታችም ይውሰዱ። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምረው ይክደኑ፣ አንድ ደቂቃ በኃይል ይነቅንቁ፣ 15 ደቂቃ ያስቀምጡ።

ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ሸራው ይመለስ። ካልተለጠፈ ግን ከ15 በታች ነው ማለት እንጂ 13 ደርሷል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው፦ «ጨው አልያዘም» ተብሎ በዚያው ቀን ጆንያ ይታሰራል። አንድ ቀን ጥሩ ፀሐይ ይጨምሩለት። ፍሬው ከሸራ እንደተነሣ ትኩስ ሆኖ አይለካ፣ ትኩሱንም ጆንያ ውስጥ አያስሩ፤ ሲቀዘቅዝ ላብ ያወጣል።

አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን አፍኖ ይገድላል፣ የደረቀውንም እንደደረቀ ያቆያል። ያልደረቀውን ግን አያድነውም። ከረጢቱን ከግድግዳ አርቀው እንጨት ላይ ያስቀምጡ።

አፍላቶክሲን ያለበትን በቆሎ ለመለየት አልትራቫዮሌት መብራት ለሚገዙ፦ በመብራቱ ሥር የሚያበራው ቢጫ አረንጓዴ ምልክት ከአፍላቶክሲኑ ሳይሆን ፈንገሱ ከሚያመነጨው ኮጂክ አሲድ የሚመጣ ነው። ያላበራ በቆሎ መርዝ ሊኖርበት፣ ያበራውም ላይኖርበት ይችላል።