ክረምቱን ቀን ሥራ ለምትጀምሩ

በዚህ ክረምት ካዛንቺስ፣ ፒያሳ ወይም ለገሃር አካባቢ ግንባታ ላይ ቀን ሥራ ልትገቡ ያሰባችሁ ተማሪዎች፣ ከጉልበታችሁ በፊት ለእጅና ለእግራችሁ አስቡ። ሁሉም የሚፈራው ሸክሙን ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ስለሆነ እውነት አለው። ሳይታሰብ የሚጎዳው ግን እርጥብ ሲሚንቶ ነው። ውኃ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላል፤ ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አያምም። ጫማ ውስጥ ገብቶ ውሎ፣ ማታ ካልሲ ሲወልቅ ነው ቁስሉ የሚታየው። የሐምሌ ዝናብ ልብስን ስለሚያረጥብ ነገሩን ያባብሰዋል።

የጨርቅ ጓንት አትመኑ፤ ከራሰ ሲሚንቶውን ቆዳችሁ ላይ ይዞ ይቆያል። የላስቲክ ጓንትና ቦቲ ይሻላል። ሱሪያችሁን ቦቲው ውስጥ አትክተቱ፣ ከላይ አውርዱት። ቅያሪ ካልሲ በፌስታል ያዙ። ቆዳችሁን ከነካ ሥራው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጠቡ፤ ዓይን ከገባ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል በደንብ አጥባችሁ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፎርማኑ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ዓይን አይተካም።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት የቀኑን ዋጋ፣ የሚከፈልበትን ቀንና ስም የሚመዘግበውን ሰው ጠይቁ። የሠራችሁባቸውን ቀናት በራሳችሁ ደብተርም ጻፉ። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም የትርፍ ሰዓትና የሌሊት ሥራ ሊያሠሯችሁ አይፈቀድም።