በእንጨት የተሠራ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ ያለው ልክ ሁሉ 150 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1200 ሚሊ ሜትር የፎከስ ርቀት (ብርሃኑ ነጥብ እስኪሆን ከመስታወቱ የሚጓዘው ርቀት) ላለው ዋና መስታወት የተሰላ ነው። ቴሌስኮፑ ዶብሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጆን ዶብሰን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ያስለመደው። መስታወቶቹና የዓይን ሌንሱ ይገዛሉ፣ ቀሪው በእንጨት ይሠራል። ቱቦው ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የተገጠመ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን ሲሆን የውስጥ ስፋቱ 190 ሚሊ ሜትር ነው። ብርሃኑን ወደ ጎን፣ ወደ ዓይን ሌንሱ የሚመልሰው ትንሹ መስታወት 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቱቦው የሚቀመጥበት ሳጥን ደግሞ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሠራል። መጋዝ፣ ድሪል፣ ስኳድራ፣ ካቻቢቴና የእንጨት ኮላ ይበቃሉ።

ምስሉ አልጠራ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ መስታወቱን ይጠረጥራል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አያያዙ፣ አቀማመጡና ሙቀቱ ላይ ነው። አዲስ መስታወት ከማዘዛችሁ በፊት የሚከተሉትን ፈትሹ። ከሁሉም በፊት ግን፦ በቴሌስኮፑም ሆነ በመፈለጊያው (ቱቦው ላይ በሚታሰረው ትንሽ ማነጣጠሪያ) ፀሐይን አትመልከቱ፣ ቱቦውንም ቀን ክፍቱን ደጅ አትተዉት። ዓይን ያጠፋል፣ እሳትም ያስነሳል።

ፎከሰሩ መጨረሻው ደርሶም ምስሉ አይጠራም

ፎከሰሩን (የዓይን ሌንሱን ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያንቀሳቅሰውን ዕቃ) እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ገፍታችሁት ኮከቡ እየጠበበ መጥቶ ነጥብ ሳይሆን ከቀረ፣ ፎከሱ ያረፈው ቱቦው ውስጥ ነው። ዋናውን መስታወት ወደ ትንሹ አስጠጉት፤ 20 ሚሊ ሜትር ብታስጠጉት ፎከሱም 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። በተቃራኒው የዓይን ሌንሱን በእጅ ወደ ውጭ ስትስቡት ብቻ የሚጠራ ከሆነ ዋናውን መስታወት ወደ ኋላ መልሱት፤ ወይም ፎከሰሩ ላይ ማስረዘሚያ ቱቦ ጨምሩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከቱቦው መሃል እስከ ግድግዳው 95፣ ግድግዳው 6፣ ሙሉ በሙሉ የገባ ፎከሰር 60፣ ለመጠባበቂያ 15፤ ድምሩ 176 ሚሊ ሜትር። ከ1200 ሲቀነስ በሁለቱ መስታወቶች መካከል 1024 ሚሊ ሜትር ይቀራል። የራሳችሁን ፎከሰር ቁመት ለክታችሁ 60ውን ተኩት።

የመስታወቱ የፎከስ ርቀት ከተጻፈበት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለይ ስለሚችል ቀድማችሁ ለኩት፤ የጨረቃን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና ከመስታወቱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት መዝግቡ። 100 ሜትር ላይ ባለ የመንገድ መብራት የምትለኩ ከሆነ ውጤቱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚረዝም አስቡ። ቀን የጎረቤት ጣሪያ ላይ ጠርቶ ማታ ኮከብ ላይ እምቢ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቱቦውን ከመስታወቱ በኩል 50 ሚሊ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ ትርፉን መቁረጥ ይቻላል፣ የጎደለውን መቀጠል ግን ጣጣ ነው።

ኮከቡ እንደ ጅራታም ኮከብ ወደ አንድ ጎን ይፈስሳል

መስታወቶቹ አልተያዩም ማለት ነው። ፎከሱን ትንሽ አበላሽታችሁ ደማቅ ኮከብ ተመልከቱ፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ጥላ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የፎከሰሩን ልክ የሚዘጋ የፕላስቲክ ክዳን ፈልጉና መሃሉን በ2 ሚሊ ሜትር ሚስማር ብሱት። በዋናው መስታወት መሃል ትንሽ የወረቀት ቀለበት ለጥፉ፤ የመስታወቱ መሃል በትንሹ መስታወት ጥላ ስር ስለሆነ ቀለበቱ ምስሉን አይጎዳም። በቀዳዳው እያያችሁ መጀመሪያ ትንሹ መስታወት ክብ መስሎ ከፎከሰሩ መሃል እንዲውል ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። ከዚያ በሦስቱ ትናንሽ ብሎኖቹ አዘንብሉት፣ የዋናው መስታወት ጠርዝ ዙሪያውን እኩል እስኪታይ ድረስ። በመጨረሻ ከኋላ ያሉትን ባለ ሞላ ብሎኖች እያዞራችሁ ቀለበቱን በመስታወቱ ውስጥ ከሚታየው የቀዳዳችሁ ነጸብራቅ ጋር አገናኙት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ከዋናው የጀመረ ሰው ሲዞር ያመሻል። ማስተካከያው በየምሽቱ የሚፈታ ከሆነ ሞላዎቹ ደካማ ናቸው፤ በጠንካራ ሞላ ለውጧቸው።

ኮከቡ ሦስት ማዕዘን ወይም ሞላላ ነው

ሦስት ማዕዘን ከሆነ መስታወቱ ታንቋል። የያዙት ሦስት ጥርሶች ከመጠን በላይ ጠብቀዋል፤ አላሏቸው፣ በጥርሱና በመስታወቱ መካከል ወረቀት ያለ ችግር እስኪያልፍ። ጥርሱ መስታወቱን ከመውደቅ ይጠብቃል እንጂ አይጫንም። በሲሊኮን የምትለጥፉ ከሆነ ሦስት ጠብታ ብቻ አድርጉ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ከመስታወቱ ስር የክብሪት እንጨት አስገቡ፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ሲደርቅ እንጨቶቹን አውጡ። ስስ አድርጎ የተለጠፈ ሲሊኮን እንጨቱ ባበጠ ቁጥር መስታወቱን ይጎትታል።

ኮከቡ ከፎከስ በአንድ ወገን ሞላላ ሆኖ በሌላው ወገን አቅጣጫውን በ90 ዲግሪ የሚቀይር ከሆነ አጣሩት። ጭንቅላታችሁን አዘንብሉ፤ ሞላላው አብሯችሁ ከዞረ ዓይናችሁ ነው፣ መነጽራችሁን አድርጉ። የዓይን ሌንሱን አዙሩ፤ ከዞረ ሌንሱ ነው። ዋናውን መስታወት በመያዣው ላይ 90 ዲግሪ አዙሩ፤ ሞላላው አብሮት ከዞረ ብቻ መስታወቱን መክሰስ ትችላላችሁ። ባለበት ከቀረ ትንሹን መስታወት ወይም የዋናውን መያዣ መርምሩ፤ ትንሹ በጠንካራ ማጣበቂያ ሙሉ ጀርባው ተለጥፎ ጠምዞት ሊሆን ይችላል።

ምስሉ ይፈላል

ከቤት የወጣ መስታወት ከውጭው አየር ስለሚሞቅ በቱቦው ውስጥ ሞቃት አየር ይንሸራሸራል። ፎከሱን አበላሽታችሁ ስትመለከቱ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ጭስ መሰል ነገር ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቴሌስኮፑን አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት፤ የኋላውን ክፍል በጣውላ አትድፈኑት። የኮምፒውተር 80 ሚሊ ሜትር ፋን ከኋላ ብትገጥሙ ጊዜው በጣም ያጥራል። ከአንድ ሰዓት በኋላም ከቀጠለ ቦታ ቀይሩ፤ ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ሲሚንቶና የቆርቆሮ ጣሪያ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀት ይተፋል፣ ሣር ይሻላል።

ሲገፉት ይጣበቃል፣ ከዚያ ዘልሎ ያልፋል

ይህ ችግር ብዙ ቴሌስኮፖችን ዕቃ ቤት አስቀምጧል። ምስሉ ደህና ሆኖም ጁፒተርን መከተል ካልተቻለ ዕቃው ጥቅም የለውም። ዶብሰኑ የሚንቀሳቀሰው ቴፍሎን በፎርማይካ ላይ ሲንሸራተት ነው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ኃይልና መንቀሳቀሱን ለማስቀጠል የሚያስፈልገው ተቀራራቢ ስለሆኑ አይዘልም፤ ስትለቁትም ባለበት ይቆማል።

ቴፍሎን ስንል የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀልለው ጥቅል ማለታችን አይደለም። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሉህ ነው። ካጣችሁ ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ ይሠራል፣ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። ፎርማይካው ደግሞ ነቁጥ ነቁጥ ያለው ይሁን፤ ልሙጥና አንጸባራቂው ይጣበቃል።

መጠኑን ሰው አይለካውም፤ እንዳገኘ ይቆርጠዋል። በካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ያህል ጫና ያስፈልጋል። ቱቦውና ሳጥኑ አንድ ላይ 12 ኪሎ ከመዘኑ ከሳጥኑ ስር ካሉት ሦስት የቴፍሎን ቁራጮች እያንዳንዱ 4 ኪሎ ይሸከማል፣ ስለዚህ 20 በ20 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ሰፋፊ ቁራጭ ጫናውን ይበትነዋል፣ ቴፍሎን ደግሞ ጫና ሲያንሰው የበለጠ ይይዛል። ሦስቱን ቁራጮች በትክክል ከሦስቱ እግሮች በላይ አድርጉ፤ አለዚያ የታችኛው ጣውላ ይጎብጣል። የሚስማሩ ራስ ከቴፍሎኑ ገጽ በታች ይግባ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ትንሽ ቢከብድ ፎርማይካውን በመኪና ሰም ወልውሉት። ዘይትና ግራሶ አታስነኩት፣ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞርባቸው የጎን ክቦች ትንሽ ከሆኑም ይዘላል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ዝቅተኛው ነው፤ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ 180 ሚሊ ሜትር ክብ ይመረጣል።

አናት ላይ ሲደርስ አልዞርም ይላል

ቱቦው ሲቆም የምትገፉበት ክንድ ስለሚያጥር ሳጥኑን ማዞር ይከብዳል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ጨረቃና ፕላኔቶች ብዙ ጊዜ ከአናት አጠገብ ያልፋሉ፤ የኦሪዮን ኔቡላ ራሱ ከ75 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አውሮፓ ውስጥ ችላ የሚባለው ጉድለት እዚህ በየምሽቱ ይገጥማል። ሳጥኑ በሚዞርበት የመሃል ብሎን ዙሪያ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጡ ክብ ቅጠሎችን አንድ በአንድ ደርድሩ፤ የክብደቱን ከፊል መሃሉ ሲሸከም ሳጥኑ ይቀላል። ሳጥኑ ከተወዛወዘ አንድ ቅጠል ቀንሱ።

የቱቦው ግርጌ የሳጥኑን ወለል የሚነካ ከሆነ ደግሞ የማዕዘኑ ርቀት ተረስቷል። ከመዞሪያው እስከ ግርጌው 400 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠርዙ እስከ 413 ስለሚደርስ መዞሪያውን ከወለሉ 440 ላይ አድርጉት።

ሲለቁት አፍንጫው ይወድቃል

የጎን ክቦቹን ከመግጠማችሁ በፊት ሁሉም ዕቃ ተገጥሞ፣ ሌንሱም ገብቶ፣ ቱቦውን በክብ እንጨት ላይ አመዛዝኑት። ካለፈ በኋላ መፍትሄው ክብደት ነው፦ ከመዞሪያው 600 ሚሊ ሜትር ላይ 200 ግራም ከጨመራችሁ ከኋላ 400 ላይ 300 ግራም አስሩ። አግድም ሲሆን ሚዛኑን ጠብቆ ቀና ሲል የሚወድቅ ከሆነ ግን ክቦቹ ከቱቦው መካከለኛ መስመር ወጥተዋል፤ ፈትታችሁ ግጠሟቸው።

ነክተው ሲለቁት ይንቀጠቀጣል

አራት እግር አለው? ሦስት አድርጉት። ከዚያም የሳጥኑን የፊት ጣውላ በኮላና በብሎን አጥብቁ።

ጨረቃ አካባቢ ሰማዩ ግራጫ ነው

ከፎከሰሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ያንጸባርቃል። ጥቁር ማት ቀለም ቀቡ፣ ሳይደርቅ የተነፋ ሰጋቱራ በትኑበት፣ ሲደርቅ ደግማችሁ ቀቡ። ቱቦው ከፎከሰሩ አልፎ ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ይርዘም። የተቆረጡ ጠርዞችንም አብራችሁ ቫርኒሽ አድርጉ፤ ክረምት ሲገባ ኮምፔንሳቶ የሚያብጠው ከዚያ ነው።

መስታወቱ አቧራ ለብሷል

ብዙም አይጎዳም፤ ተዉት። የጣት አሻራ ወይም የነፍሳት ቆሻሻ ካለ ብቻ መስታወቱን አውጥታችሁ በሚፈስ ውኃ እጠቡ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ባለው ውኃ ጥጥ ነክራችሁ ሳትጫኑ ጎትቱ፣ በተጣራ የባትሪ ውኃ (አሲድ ያልተቀላቀለበት) አለቅልቁ፣ በጎኑ አቁማችሁ አድርቁ።