ጥንታዊ የድንጋይ ቲያትር ውስጥ የባህል ሙዚቃ ኮንሰርት እንዴት እንታደም?

አዳራሽ ውስጥ ለሚቀርብ ኮንሰርት ትኬት ቆርጦ በሰዓቱ መድረስ ይበቃል። ቦታው የጥንት ቲያትር፣ የቤተ መንግሥት ግቢ ወይም አሮጌ ምሽግ ሲሆን ግን መቀመጫው ድንጋይ ነው፣ ጣሪያ የለም፣ መውጫውም ብዙ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ የተሠራ አንድ ጠባብ በር ነው። ምሽቱን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ከትኬቱ ዋጋ ይልቅ የት እና ምን ላይ እንደተቀመጣችሁ ነው።

ከትኬቱ በፊት ካርታ

የቦታውን የሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ መድረኩ በየት በኩል እንደሆነ እዩ። እንዲህ ያሉ ኮንሰርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ተመልካቹ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ የሚቀመጥ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው። ከመድረኩ ጀርባ ከፍ ያለ ግንብ ካለ ጥላው ቀድሞ የሚያርፈው የፊት ረድፎች ላይ ነው፤ ላይኛው ረድፍ ላይ ያሉት መጨረሻ ላይ ይደርሳቸዋል። ተመልካቹ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ በምዕራብ በኩል ያለውን ጎን ምረጡ፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች።

ቀጥሎ መቀመጫው ቁጥር ያለው መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው በጣሊያኑ የቬሮና አሬና እንኳ ለብዙ ዓመታት ቁጥር የሌላቸው የድንጋይ ደረጃዎች ነበሩ፤ ቀድሞ የደረሰ ይመርጥ ነበር። ቁጥር ከሌለ በሩ በሚከፈትበት ሰዓት ድረሱ። ቁጥር ካለ ግማሽ ሰዓት ቀደም ማለት በቂ ነው።

የት እንቀመጥ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አዘጋጆቹን «ሙዚቃው በማይክ ነው ወይስ ያለ ማይክ?» ብላችሁ ጠይቁ። የባህል ሙዚቃ ላይ ሁለቱም ያጋጥማል፤ መልሱም የመቀመጫውን ምርጫ ሙሉ በሙሉ ይለውጠዋል።

ያለ ማይክ ከሆነ መቅረብ ነው። ግድግዳ በሌለበት ገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ከመድረኩ 10 ሜትር ላይ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ 40 ሜትር ላይ ያለው 12 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ነው የሚሰማው። ጮክ ብሎ የሚዘፍን ሰው ይህን ይቋቋመዋል፤ በጣት የሚመታ ለስላሳ ክር ግን በሰው ሳልና በነፋስ ይሸፈናል። «ጥንታዊ ቲያትር ውስጥ መድረኩ ላይ የወደቀ ሳንቲም መጨረሻው ረድፍ ድረስ ይሰማል» የሚለውን የአስጎብኚዎች ወሬ አትመኑ። ኔዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ልኬት፣ በዚህ ዝናው የገነነውን የግሪኩን ኤፒዳውሮስን ጨምሮ በፈተሿቸው ቲያትሮች የሳንቲሙ ድምፅ የሳንቲም መሆኑ የሚለየው እስከ መሐል ረድፎች ድረስ ብቻ ነበር። ሹክሹክታማ ወደ ላይ አልደረሰም።

ይህ ማለት ግን ግንባታው አይረዳም ማለት አይደለም። ኤፒዳውሮስ 55 የድንጋይ ረድፎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው የረድፎቹ ቅርፅ ከ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ አዳክሞ ቀጭኑን ወደ አድማጩ ይመልሳል። የነፋስ ጉምጉምታና የሰው ማጉረምረም ወፍራም ስለሆነ ይቀንሳል፤ የዘፋኙ ቃል ግን ጠርቶ ይወጣል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ግማሽ ክብ ቲያትር ያለ ማይክ ለሚቀርብ ሙዚቃ የታችኛውን ግማሽ፣ መሐል ላይ ምረጡ። ጫፍና ጫፍ ያሉት መቀመጫዎች ረከስ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሰው ድምፅ የሚሄደው አፉ ወደዞረበት ነው፣ እናንተ ደግሞ የዘፋኙን ጆሮ ስታዩ ታመሻላችሁ።

በማይክ ከሆነ ወደ ፊት መሽቀዳደሙ ዋጋ የለውም። የፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው አንዱን ስፒከር ብቻ ነው፤ ያውም ከሚገባው በላይ። ሚክሰሩ (ድምፆቹ የሚመጣጠኑበት መሣሪያ) የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ፈልጉና ከፊቱ ወይም ከጎኑ ተቀመጡ። የድምፅ ባለሙያው ከበሮውን ከዋሽንቱ ጋር የሚያመጣጥነው እዚያ በሚሰማው ልክ ነውና።

ሜዳው ደልዳላ፣ ዙሪያው ግንብ የሆነ ግቢ ሌላ ችግር አለው፤ የገደል ማሚቶ። ድምፁ አልፏችሁ ሄዶ ከኋላችሁ ካለው ግንብ ተመልሶ ይመጣል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግንቡ ከጀርባችሁ 25 ሜትር ቢርቅ የሚመለሰው ድምፅ ከመጀመሪያው 0.15 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳችኋል፤ ፈጣን ከበሮ እንደዚያ ሲመለስ ምቱ ሁሉ ድርብ ይሆናል። ግንቡ ከ8 ሜትር በታች ሲቀርባችሁ ግን መዘግየቱ ከ0.05 ሰከንድ ያንሳል፣ ጆሮም ሁለቱን እንደ አንድ ድምፅ ይቀበላቸዋል። ፊት የተቀመጡት ደግሞ ማሚቶው እነሱ ጋ እስኪደርስ ስለሚደክም ብዙም አይረበሹም። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ እንግዲህ ወይ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ወይ የኋላውን ግንብ ተጠግታችሁ ተቀመጡ፤ የሚጎዳው መሐል ሜዳ ላይ የቀረው ነው። ከቅስት ወይም ከዋሻ መሰል መግቢያ ስር መቀመጥም አይመከርም፣ ወፍራሙ ድምፅ እዚያ ታፍኖ ይጮኻል።

ነፋሱ ከእናንተ ወደ መድረኩ የሚነፍስ ከሆነ ድምፁ ወደ ላይ ታጥፎ በራሳችሁ ላይ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቀን ሁለት ሦስት ረድፍ ወደ ፊት መውረድ ይረዳል።

ድንጋዩ

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ሲመሽ ትኩስ ነው፤ በቀጭን ልብስ ያቃጥላል። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ተገላብጦ የሰውነትን ሙቀት መሳብ ይጀምራል። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ሙቀትን የሚያስተላልፉት ከእንጨት ከ10 እጥፍ በላይ ነውና «ሌሊቱ እኮ ሞቃት ነው» ማለት አያዋጣም።

የሚያስፈልጋችሁ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውሃ የማይጠጣ ፎም ነው፤ ለስፖርት ምንጣፍ የሚያገለግለው ዓይነት። 40 በ35 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ተራ ስፖንጅ በሰው ክብደት ተጨፍልቆ ድንጋዩ ላይ ያደርሳችኋል፣ ጤዛ ከነካው ደግሞ እርጥቡን ለብሳችሁ ትሄዳላችሁ። በአየር የሚነፋው ትራስ ካልተገደዳችሁ አትግዙ፤ ለዘመናት የተረገጠ ድንጋይ ልሙጥ ስለሆነ ትራሱ ያንሸራትታል፣ ከኋላ ያለውንም ሰው ይጋርዳል። እግር ያለው ተጣጣፊ ወንበር ድንጋዩን ስለሚቧጭር ብዙ ቦታ አያስገቡትም።

ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ደረጃዎቹ መደገፊያ እንደሌላቸው አስታውሱ። ከኋላችሁ ያለው ረድፍ የሌላ ሰው እግር ማሳረፊያ ነው። መተላለፊያውን የሚያካልል ግድግዳ ያለበት ረድፍ ካገኛችሁ ትንሽ ቢርቅም እሱን ያዙ።

አለባበስና ቦርሳ

ጫማው ዝቅ ያለና የማያንሸራትት ይሁን። አቴንስ በሚገኘው የሄሮድስ አቲከስ ቲያትር ሹል ታኮ ያለው ጫማ ክልክል ነው፤ ያን ሁሉ ክብደት በአንዲት ነጥብ እያሳረፈ እብነ በረዱን ይጎዳል። ክልከላ በሌለበትም የጥንት ደረጃ አንዱ 30፣ ቀጣዩ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሊኖረው ስለሚችል በጨለማ በታኮ መውረድ አደጋ ነው።

ሲመሽ የሚደረብ ሹራብ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የጆሮ መከላከያ ጨምሩ፤ ድንጋይ የከበበውን ግቢ ከበሮ ሲሞላው ለሕፃን ጆሮ ይከብዳል።

ጃንጥላ አትያዙ፣ የኋላውን ሁሉ ትጋርዳላችሁ፤ ቀላል የዝናብ ልብስ ይሻላል። የትኬቱንም ደንብ ቀድማችሁ አንብቡት። ብዙ ቦታ ዝግጅቱ አንዴ ከተጀመረ በኋላ በዝናብ ቢቋረጥ ገንዘብ አይመለስም። ለተመልካቹ ከቁብ የማይቆጠር ካፊያም ሙዚቀኞቹን ያስቆማቸዋል፤ እንጨትና ቆዳ ከረጠበ መሣሪያው ይበላሻል።

በሩ ላይ

የትኬቱን ኮድ ቤት ሳላችሁ ስክሪን ሹት አንሱት። ሺህ ሰው በአንድ በር ሲሰለፍ ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ ወፍራም ግንብም ያዳክመዋል። ገብታችሁ ቦታ ከያዛችሁ በኋላ መጀመሪያ መፀዳጃ ቤቱን ፈልጉ። የቅርስ ቦታ ላይ እንደልብ ስለማይቆፈር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የእረፍት ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ ሁለተኛውን ክፍል ከሰልፍ ላይ ሆናችሁ ነው የምትሰሙት።

ሙዚቃው ሲጀመር

በየዘፈኑ መሐል ሙዚቀኞቹ ረዘም አድርገው ቢቃኙ አትሰልቹ። አየሩ ሲቀዘቅዝ የትንፋሽ መሣሪያዎች ቃና ዝቅ ይላል፣ የብረት ክር ደግሞ ተኮማትሮ ይወጣል፤ የጅማት ክርም በእርጥበት ይለዋወጣል። ካልቃኙ እርስ በርስ አይገጥሙም።

ማጨብጨብ ላይ የርቀቱን ጉዳይ አትርሱ። ከመድረኩ 50 ሜትር ርቃችሁ ከሆነ ምቱ የሚደርሳችሁ 0.15 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ጭብጨባችሁም መድረኩ ላይ ለመድረስ ያንኑ ያህል ይፈጃል። በደቂቃ 100 ምት ባለው ዘፈን ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ 0.6 ሰከንድ ነው፤ የኋለኛው ረድፍ ጭብጨባ እንግዲህ ልክ በሁለት ምት መሐል ያርፋል። ብዙ ዘፋኝ በዚህ ግራ ሲጋባ ይታያል። ሩቅ ከሆናችሁ በዘፈኑ መጨረሻ አጨብጭቡ፣ ካላስቻላችሁ የመድረኩን ከበሮ መቺ እጅ አይታችሁ ከእጁ ጋር አጨብጭቡ። ብርሃን ከድምፅ ቀድሞ ስለሚደርስ መዘግየቱ በግማሽ ይቀንሳል።

በስልክ መቅዳት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ከርቀት የሚገባው ድምፅ ነፋስና የጎረቤት ወሬ ነው። ፍላሽ ደግሞ የሚያበራው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ብቻ ስለሆነ አጥፉት።

ስትወጡ

የመጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ አትነሱ። ሁሉም በአንዴ ወደ አንድ በር ሲጎርፍ በጨለማ፣ መያዣ ብረት በሌለበት ደረጃ ላይ መገፋፋት ይመጣል። 15 ደቂቃ ያህል ቁጭ በሉና ሲቀል ውረዱ፤ ባትሪውን ወደ እግራችሁ እንጂ ወደ ፊት አታብሩት። በሰልፍ መውረድ ግዴታ ከሆነ የግድግዳውን ወገን ያዙ፣ ቦርሳውን ከጀርባ አውርዳችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉ።