ዓይኑ ስሕተት ለማያልፍ ሰው፦ የጥራት ተቆጣጣሪነት ሥራ እንዴት ይጀመራል?

ሸሚዝ ሲገዙ ከዋጋው በፊት ስፌቱን ገልብጠው የሚያዩ ከሆነ ፋብሪካ ውስጥ ቦታ አለዎት። እኔ የጀመርኩት በቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን፣ ነው፤ ዛሬ የብረታ ብረት ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ።

በመጀመሪያ መለካትን ይማሩ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የማሽን ሥራ ሲማሩ የዕቃን ውፍረት በመንጋጋ ይዘው የሚለኩት መሣሪያዎች፣ ካሊፐርና ከእሱ የረቀቀው ማይክሮ ሜትር፣ ከእጅዎ አይለዩ። ተራው ማይክሮ ሜትር 0.01 ሚሊ ሜትር ያነባል፤ ይህ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ያንሳል። እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚለካውን ሲይዙ ዕቃውን የሚነኩትን ሁለት ፊቶቹን ጠርገው ይዝጉት፣ ዜሮ ላይ መቆሙንም ያረጋግጡ። የሚለኩትን ዘንግ፣ ማለትም ክቡን የብረት በትር፣ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለኩ። በአንድ ቦታ ብቻ የለካ ሰው አልለካም።

በጀማሪነቴ ከማሽን የወረደ ትኩስ ዘንግ ለክቼ አሳለፍኩ። ሲቀዘቅዝ ቀጥኖ ኩሽኔታው፣ ዘንጉ ገብቶ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ላላበት። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲቀንስ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀጥናል። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ ዘንጉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው «እስኪበርድ ጠብቅ፣ ልጄ» አሉኝ። እስከ ዛሬ በእጄ ሳልዳስስ አልለካም።

ብረት ካልሳበዎት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች ስፌት መርማሪ ይፈልጋሉ፤ ኬሚስትሪ ለተማረ ደግሞ የመድኃኒት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ አለ።

ለማመልከት የሙያ ብቃት ምዘና ምስክር ወረቀትዎን ይያዙ። ከእሱ ጋር ግን ደብተር ይያዙ፤ በልምምድ ጊዜ የለኩትን ዕቃ፣ መጠኑን፣ ያገኙትን ጉድለትና ቀኑን የጻፉበት። እኔን የቀጠሩኝ ሰው ከምስክር ወረቀቴ ይልቅ ያነበቡት ደብተሬን ነበር።