ዕድሜው ወይስ ኪሎ ሜትሩ? በባሕር ዳር ያገለገለ መኪና ለሚገዙ

በባሕር ዳር ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው ከደላላ አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «እምብዛም አልተነዳም» የሚለውን ነው። ቆጣሪው ላይ የሚታየው ቁጥር ግን በስንት ዓመት ውስጥና በምን ዓይነት መንገድ እንደተጠራቀመ ካልታወቀ ለውሳኔ አይበቃም።

ከከተማ ሳይወጣ ልጆችን ትምህርት ቤት ሲያደርስና ሲመልስ 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪናን፣ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ 120,000 ከሞላው ጋር እናነጻጽር። የከተማው በአማካይ በሰዓት 20፣ ሁለተኛው ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ተጉዘዋል ብንል፣ የመጀመሪያው ሞተር 3,000 ሰዓት ሲሠራ የሁለተኛው 2,000 ሰዓት ብቻ ሠርቷል። በዚያ ላይ አጭር ጉዞ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚያበቃ፣ በውስጡ የሚፈጠረው እርጥበትና ያልተቃጠለው ነዳጅ ተንኖ በመውጣት ፈንታ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ድንገት በሚቆም ባጃጅና በብስክሌት መካከል የሚነዳ መኪናም ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃሉ። የሀገር አቋራጩ ቢሆን ከፈተና ነፃ አይደለም፤ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ዳገቱ ራዲያተርን ያደክማል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሄዷል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የት የት ሲሄድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ይጠቅማል።

ዕድሜ የሚጎዳው ደግሞ ሌላውን ክፍል ነው። ጎሚኒዎች (በብረት ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ የሚገቡ ላስቲኮች)፣ የውኃ ቱቦዎች፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱ ላስቲኮችና ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) መኪናው ቆሞም ቢሆን ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም በሁለት ዓመት ገደማ ሊቀየር ይገባዋል። ጎማ ላይ ያለው ጥርስ ያላለቀ መሆኑም አያዘናጋ፤ ጎኑ ላይ የታተሙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። በሐይቁ ምክንያት ዝገት የሚፈሩ ገዢዎች አሉ፤ የጣና ውኃ ግን እንደ ባሕር ጨዋማ ስላልሆነ፣ የበለጠ የሚያሳስበው በክረምት ከወለሉ ሥር ተለጥፎ ሳይታጠብ የከረመ ጭቃ ነው።

ዕድሜውን ሲጠይቁ የዘመን አቆጣጠሩን አብረው ይጠይቁ። «2008 ሞዴል» የሚባለው በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው፤ ዋጋውን ደግሞ ክፉኛ ይለውጠዋል። በብዙ መኪኖች የደኅንነት ቀበቶው ሥር የተሰፋች ጨርቅ ላይ የምርት ቀን ስለሚገኝ፣ እርሱንና ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) ማስተያየት ጥሩ ነው።

ቆጣሪው እንዳልተነካ ለማወቅ ደግሞ በዓመት ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር መሄድ የተለመደ መሆኑን ይዘው ያስሉ። አሥር ዓመት አገልግሎ 50,000 ብቻ የሚያሳይ መኪና በእውነት ቆሞ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ፣ የመሪው ቆዳ ነጥቶ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዶ ከተገኘ ቁጥሩን አለማመን ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቆጣሪው በማይል ሊሆን ስለሚችል፣ 100,000 የሚለው ወደ 161,000 ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ አይዘንጉ።

በእኔ ግምት፣ መኪናውን በከተማው ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ኪሎ ሜትሩ ከፍ ያለ ቢሆንም ዕድሜው ያነሰና ዘይቱ በወቅቱ ሲቀየር የኖረ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም በዓመት የሚጨምረው ርቀት ትንሽ ነው፤ የላስቲኩ እርጅና ግን አይቆምም። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ግን የሞተሩና የካምቢዮው ድካም ይቀድማል።

መኪናውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ያስነሡት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ ኮፈኑን በእጅ በመዳሰስ ይታወቃል። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ጉልበቱ በጎዳናው ላይ አይለይም፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አውጥተው፣ ሲወጣ የሙቀት መለኪያውን፣ ሲወርድ ፍሬኑን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። ከዚያ የራስዎ መካኒክ ሥሩን አይቶ የሚቀየሩትን ጎማ፣ ቺንጋና ጎሚኒ በዋጋ ይተምንልዎት፤ ያንን ድምር ከተጠየቀው ዋጋ ቀንሰው ክርክሩን ከዚያ ይጀምሩ።